ነገርን ከሥሩ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቡና ይዘን ሁለት ወዳጆቼ ተያያዙ። አንደኛው ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ ኮሌጅ ይማራል፤ ዘንድሮ የያዘው ኮርስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዜጎች መብት ላይ የሰጣቸውን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ያስነብባል። ሌላኛው የዜግነት ፈተናውን ከሸመደደ ወዲህ ራሱን የሕግ ሊቅ አድርጎ ሾሟል።

«ሕገ መንግሥቱ እኮ ኪስ ይገባል! እሱን ትቶ የሌባና ፖሊስ ታሪክ ማንበብ ምን ይባላል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» አለ ሊቃችን።

«እሺ፣ ከሥሩ እንሂድ» አለ ተማሪው፤ ጊዲዮን የሚባለውን ሰው አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሎሪዳ ውስጥ ፑል ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ድሃ ነኝና ጠበቃ ይቁምልኝ ቢል፣ ዳኛው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚቆመው ሞት ለሚያስፈርድ ክስ ብቻ ነው አሉት። ብቻውን ተከራከረ፤ አምስት ዓመት ተከናነበ። እስር ቤት ሆኖ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ። በ1963 ዘጠኙም ዳኞች ፈረዱለት፤ ክሱ ከጠበቃ ጋር እንደገና ሲታይ ነጻ ወጣ።

«የጠበቃ መብት በወረቀት ላይ ከ1791 ጀምሮ አለ። ታዲያ ሰውየው ለምን ታሰረ?»

«የዳኛው ጥፋት ነዋ! ነገርን ከሥሩ ስልህ…»

«በ1896 ነጭና ጥቁር በባቡር ለየብቻ ይሳፈሩ የሚለውን ሕግ ያጸደቀውም፣ በ1954 ተማሪን በዘር መለየት ክልክል ነው ያለውም ያው ፍርድ ቤት ነው። የጠቀሰውም ሕግ ሁሉንም እኩል ይጠብቅ የሚለውን ያንኑ የሕገ መንግሥቱን 14ኛ ማሻሻያ ነው። ሥሩ የቱ ጋ ነው?»

ሊቁ ስለ ነዳጅ ዋጋ ማውራት ጀመረ።

ነገርን ከሥሩ ከተባለ ሥሩ ያ እርሳስ ነው። አንድ ሰው ተበድሎ እስኪጮህ፣ ዳኛም እስኪሰማው ድረስ መብት የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? እኛ ግን አንቀጽ መጥቀስ እንወዳለን፤ ማንበብ ላይ የለንም። ዛሬማ የሰላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ጠበቃ ነው። የእድራችንን ጉዳይ ተዉት! መዋጮ ያቋረጠ አባል ሲሞት ይከፈለው አይከፈለው ብለን ደንቡን እያውለበለብን ስንጯጯህ፣ ያ አንቀጽ በማን ምክንያት እንደገባ የሚናገረው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የከፈተው የለም። አሁን ሁለት እድር አለን፤ ሁለቱም የሚተዳደሩት በዚያው ደንብ ፎቶ ኮፒ ነው።