«እስራኤል ነው የተወለድከው?»

ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። መኪናው ላይ ያለው ታፔላ ግን «አዳማ» ነው የሚለው። ተሳፋሪው ግን ግራ ሲጋባ አይቼ አላውቅም። ግራ የሚጋባው ቢሮ ነው።

የአክስቴ ልጅ ውጭ አገር ለመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት አስገባ። የድሮው የልደት ካርዱ የትውልድ ቦታውን «ናዝሬት» ይላል፣ ፓስፖርቱ «አዳማ»። ወረቀቱን የተቀበለችው ሠራተኛ ሁለቱን አገላብጣ አየችና «እስራኤል ነው የተወለድከው?» አለችው። ያኔ በስልክ ሲነግረን ሳቅን። ጉዳዩ ግን ወራት ፈጀበት።

በሴትዮዋ አልፈርድም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ስሙን የወሰዱት እኮ ከዚያችው ከመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ነው። በነገራችን ላይ እሷም አንድ ስም ብቻ የላትም፤ በዕብራይስጥ ናጽራት፣ በዐረብኛ አን ናሲራ ናት። የኛዋ አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ጭሮ አሰበ ተፈሪ ሲባሉ ነዋሪውን «ምን ትላለህ?» ያለው አልነበረም። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 አዳማ በይፋ ወደ ቀደመ ስሟ መመለሷ ትክክል ነበር። «ስም ተቀየረ» ሲባልም ደስ አይለኝም። ከተማዋ የራሷን ነው ያስመለሰችው።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ስም በደብዳቤ ይመለሳል። ከሰው አፍና ከሰው ወረቀት ግን በደብዳቤ አይወጣም። ሁለት ሦስት ትውልድ ናዝሬት ብሎ ተወልዷል፣ ተምሯል፣ ተድሯል።

አይሪሽና እንግሊዝኛ ሁለቱም ይፋዊ ቋንቋ የሆኑባት አየርላንድ ይህንን በደንብ ቀምሳዋለች። በምዕራብ ዳርቻዋ ዲንግል የምትባል ትንሽ የቱሪስት ከተማ አለች። በ2005 (ከዚህ በኋላም የምጠቅሰው የፈረንጆቹን ዘመን ነው) መንግሥት አይሪሽ በሚነገርባቸው አካባቢዎች የእንግሊዝኛ የቦታ ስሞችን ሕጋዊነት አነሳ። ዲንግል የሚለው ከመንገድ ምልክት ወጣ፤ «አን ዳንገን» የሚለው የአይሪሽ ስም ብቻ ቀረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሲገፋ የኖረ ቋንቋ ስሙን ሲያስመልስ ነው፣ የኛኑ ይመስላል። ነዋሪው ግን ተቆጣ። ቱሪስቱ የሚያውቃቸው ዲንግል በሚለው ስም ነዋ! ዳንገን የምትባል ሌላ ከተማ ደግሞ መሀል አገር አለች። እዚያ ሄዶ ባሕር የሚፈልግ እንግዳ አስቡት።

በ2006 ድምፅ ተሰጠ። 1,005 ለ70 በሆነ ልዩነት የእንግሊዝኛውና ረዘም ያለው የአይሪሽ ስም ጎን ለጎን ይሁኑ ተባለ። እንዲያም ሆኖ ነገሩ በሕግ እስኪቋጭ እስከ 2011 ቆየ። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ታፔላ ስድስት ዓመት!

ፊንላንዶች መልሱን በቁጥር አስቀምጠውታል። ፊንላንድኛና ስዊድንኛ በሚነገርበት ማዘጋጃ ቤት አናሳው ወገን 8 በመቶ ወይም 3,000 ሰው ከሞላ፣ ቦታው ባለሁለት ቋንቋ ነው። ምልክቱ ላይ የብዙኃኑ ስም ከላይ፣ የአናሳው ከታች ይጻፋል። ሄልሲንኪ፣ ከሥሯ ሄልሲንግፎርስ።

እኛ ፊንላንድን እንቅዳ አልልም። ናዝሬት የሌላ ሕዝብ ቋንቋ ስም ሳይሆን ንጉሥ ያወጣው ስም ነው፤ ታፔላው ላይ ከአዳማ እኩል ይቀመጥ የሚል ሙግት የለኝም። እኔ የምለው ስለ ወረቀት ነው። የልደት ካርድ ሲታደስ «አዳማ (የቀድሞ ናዝሬት)» ተብሎ ቢጻፍ ማን ይጎዳል? የትኛው ከተማ፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደዞረ የሚያሳይ አንድ ይፋዊ ዝርዝር ድረ ገጽ ላይ ቢቀመጥስ? የውጭ አገር ሠራተኛ ከፍቶ አይቶ ይዘጋው ነበር።

ቁስል መቀስቀስ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። ያለ ፈቃድ የተሰጠ ስም ቅንፍ ውስጥም ቢሆን ያማል። ግን የአክስቴ ልጅ ካርድ ላይ ያለው ናዝሬት የፖለቲካ አቋም አይደለም። የተወለደ ዕለት ጸሐፊው የጻፈለት ነው።

በመጨረሻ የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ «ናዝሬት የአሁኗ አዳማ ናት» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ደስ ብሎት አስገባ። ሴትዮዋ አንብባ መለሰችለት። ደብዳቤው ላይ አዳማ በቁቤ ነበር የተጻፈው፣ አናባቢው ተደግሞ። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ነጠላ ነው። «ይቺስ ሦስተኛዋ ከተማ የት ናት?» አለችው።