ጥቁሯ ውሻ ጌጥ አይደለችም

ስለ ከተሞች ዓርማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የስኮትላንዷን ሊንሊትጎ ከተማ ዓርማ «ዛፍ ሥር የታሰረች ውሻ» ብሎ ብቻ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ታሪኩ እኮ እሷው ናት!

አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። አንድ ሰው በከተማዋ ሐይቅ መሀል ባለች ደሴት ላይ በረሃብ እንዲሞት ተፈርዶበት ታሰረ። ጥቁር ውሻው ግን በየቀኑ እየዋኘች ምግብ አደረሰችለት። ሲደርሱባት እሷንም ከዛፍ ጋር አሰሯት። ዓርማውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ከአንገቷ የሚነሳው ሰንሰለት ከኦክ ዛፉ ጋር አያይዟታል። የከተማዋ ተወላጆች እስከ ዛሬ ድረስ በእሷ ስም «ጥቁር ውሻ» ተብለው ይጠራሉ፣ ያውም በኩራት። እኛ ጆሮ ላይ ከበድ ይላል፤ እነሱ ዘንድ ግን የታማኝነት ማዕረግ ነው።

ደግሞ እዚያ አገር ዓርማ ዝም ብሎ የሚሳል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1672 በወጣ ሕግ የተቋቋመ መዝገብ አለው። የሚቆጣጠረው ሎርድ ላዮን የሚባለው ሹም ነው፤ የራሱ ፍርድ ቤትም አለው። ሳያስመዘግብ የተጠቀመ ሊከሰስ ይችላል።

የከተማዋን ጠባቂ ቅዱስ ሚካኤልንስ ለምን ዘለላችሁት? እሱም እኮ ዘንዶውን እየወጋ ዓርማቸው ላይ አለ። እባካችሁ ጨምሩበት።