ጽጌረዳ የሸተተ ሁሉ ኔቢዮሎ አይደለም

ሮም ውስጥ በአስተናጋጅነት እየሠራሁ ማታ ማታ የወይን ጠጅ ቅምሻ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትምህርቱን እወደዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን አንጀቴን አሳርሮታል። ጠርሙሱ በጨርቅ ተሸፍኖ ቀይ ወይን ሲቀዳልንና ከብርጭቆው የጽጌረዳ መዓዛ ሲወጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ሌላውን ምልክት ሳይመረምር «ኔቢዮሎ» (የሰሜን ጣሊያን ታዋቂ ቀይ የወይን ዘር) ብሎ ይጽፋል፤ የተማርነውም እንዲሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት የተቀዳልን ወይን ብርጭቆውን ገና ሳላነሣ ጠረኑ ተቀበለኝ፦ ጽጌረዳ፣ የቫዮሌት አበባ፣ ከኋላ ደግሞ ቅርንፉድ የመሰለ ቅመም። (ቫዮሌትን ያወቅኩት እዚህ አገር ነው፤ ጽጌረዳን ግን ከእናቴ ግቢ ጀምሮ አውቃታለሁ።) ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ጋደል አድርጌ ሳየው እስከ ጠርዙ ድረስ ጥቁር ሐምራዊ ነው። ኔቢዮሎ እኮ ፈዘዝ ያለ፣ ቶሎ ወደ ጡብ ቀለም የሚያዘነብል፣ ታኒኑ (ከቅርፊቱና ከፍሬው የሚመጣው ከርካሪ ነገር) ድድ ላይ ተጣብቆ አፍ የሚያደርቅ፣ አሲዱም ምራቅ የሚያስመጣ ወይን ነው፤ ይኼኛው ግን ለስልሶ ወረደ። ስለዚህ «ላክሪማ» ብዬ ጻፍኩ። በማርኬ ክልል፣ አንኮና አቅራቢያ፣ በሞሮ ዳልባ ዙሪያ የሚበቅል ዘር ነው፤ ፍሬው ሲበስል ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ጭማቂው ስለሚንጠባጠብ «እንባ» ተባለ።

ጨርቁ ሲነሣ ላክሪማ ሆኖ ተገኘ። መምህሩ ግን ኔቢዮሎ ላሉት «አካሄዳችሁ ትክክል ነው» ብሎ ግማሽ ነጥብ ሰጣቸው፤ እኔን «ይህ በፈተና አይመጣም፣ በግምት ያገኘኸው ነው» ብሎ ምንም ሳይሰጠኝ አለፈ። ቀለሙን፣ ታኒኑንና አሲዱን አንድ በአንድ የጻፍኩበትን ገጽ አላነበበውም።

በግምት አላገኘሁትም። ጽጌረዳ የሚሸተው ዘር ብዙ ነው፤ በሰሜን ጣሊያኗ ፒየሞንት ውስጥ፣ በአስቲ አውራጃ የሚበቅለው ሩኬ የተባለው ቀይ ዘርም ጽጌረዳና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፤ ሊጠፋ የተቃረበውን ይህን ዘር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መልሰው ያነሡት የካስታኞሌ ሞንፌራቶ ቄስ ዶን ጃኮሞ ካውዳ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የጣሊያንን ከፍተኛ የወይን ደረጃ አገኘ። ገበሬ በስንት ድካም ያቆየው ዘር በገዛ አገሩ የቅምሻ ክፍል ውስጥ እንደ ስሕተት መቆጠሩ ያንገበግበኛል። ወይ እነዚህን ወይኖች አይቅዱልን፣ ወይ ደግሞ የቀዱልንን በስሙ ስንጠራው ነጥባችንን አይንፈጉን።