የፖሊስን መመሪያ ማን ይጻፈው?

አሜሪካ ውስጥ ሌክሲፖል የሚባል የግል ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ፖሊስ የነበሩ ጠበቆች ይገኙበታል። ፖሊስ መቼ እንደሚተኩስ፣ እንዴት እንደሚያስር የሚደነግገውን መመሪያ ይጽፋል፤ የፖሊስ መምሪያዎችም በየዓመቱ እየከፈሉ ይጠቀሙበታል። እዚያው የሚኖሩ ሁለት የአገር ልጆች ተከራክረውበታል።

ደጋፊ፦ 8 ፖሊስ ባላት ትንሽ ከተማ 6 ዓመት የ911፣ ማለትም የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ ጥሪ ተቀብያለሁ። መመሪያችን ከጎረቤት ከተማ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥራዝ ነበር። የጎረቤታችን ስም በእስክሪብቶ ተሰርዞ የእኛ ተጽፎበታል። አንዳንዱ ገጽ ላይ መሰረዙም ተረስቷል። አሜሪካ ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስ ተቋማት አሏት፤ ብዙዎቹ እንደኛ ጥቃቅን ናቸው። ጠበቃ ከየት ያምጡ? ደግሞ መመሪያ ያው ሕጉ ነው። ማንም ቢጽፈው ያው ነው።

ተቃዋሚ፦ "ማንም ቢጽፈው ያው ነው" ያልከውን ሦስቴ አነበብኩት፣ ወንድሜ። ያው አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ያስቀመጠው መለኪያ የፖሊሱ እርምጃ ምክንያታዊ ነበር ወይ የሚል ብቻ ነው። ከተማ ከዚያ የጠበቀ ማውጣት ትችላለች፦ መጀመሪያ ነገሩን አብርድ፣ የሚሄድ መኪና ላይ አትተኩስ። ሕግ ካላስገደደ በቀር ይህን ማስገባትና መተው የጸሐፊው ምርጫ ነው። በ2018 ስለ ኩባንያው ጥናት ያሳተሙ ሁለት የሕግ ምሁራን ያሳሰባቸውም ይኸው ነው፤ ትኩረቱ ከተማን ከክስ ማዳን ላይ ነው ይላሉ። የከተማዬን መመሪያ ከፍቼ አየሁት። በየገጹ ግርጌ የኩባንያው የቅጂ መብት ሰፍሯል። መምሪያው ያተመው በፈቃድ ነው። ማንም የሚጽፈው ከሆነ ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን አስፈለገ?

ደጋፊ፦ እህቴ፣ 6 ዓመት ሌሊት ሌሊት የሰው ጩኸት ሰምቻለሁ። ስለ ክስ ብቻ እንደሚያስብ ሰው መቆጠሬ ከፍቶኛል። ኩባንያው የሚሰጠው ረቂቅ ነው። አዛዡ ይቀይራል፣ ይፈርማል። ኃላፊነቱም የእሱ ነው።

ተቃዋሚ፦ አንተን አልነካሁም። ግን ጠበቃ የለውም ያልከው አዛዥ ረቂቁን በምን አቅሙ ያርመዋል? የኛ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የመመሪያው ውል ከመንገድ መብራት ጥገና ጋር ባንድ ድምፅ አለፈ። አንድ ሰው አልጠየቀም። "ማንም ቢጽፈው" ያልከውንም እስካሁን አልመለስክልኝም።

ደጋፊ፦ እሺ፣ ቃሉ አምልጦኛል። ግን እንዳታነቢ ማን ከለከለሽ? ካሊፎርኒያ ከ2020 ጀምሮ መመሪያዎቹ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጡ በሕግ አዛለች። አንቺም ያየሽው እዚያ ነው።

ተቃዋሚ፦ አዎ፣ እዚያ ነው። ያዘዘው ግን ሕግ አውጪው እንጂ ኩባንያው አይደለም። አንብቤስ ማንን ልጠይቅ? መምሪያው ደወልኩ። "ጽሑፉ የኩባንያው ነው" አሉኝ። ልጄ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በቅርቡ ነው። ፖሊስ ሲያስቆመው እጁን የት እንደሚያደርግ እኔ አስተምሬዋለሁ። ፖሊሱ ምን እንደተማረ የሚነግረኝ የከተማዬ ሰው እፈልጋለሁ።

ደጋፊ፦ እሱን አልከራከርሽም። መልስ የሚሰጥ ሰው ይኑር። ኩባንያውን አባረሽ ሌላ ካላዘጋጀሽ ግን፣ ያ በእስክሪብቶ የተሰረዘ ፎቶ ኮፒ ነው ተመልሶ የሚመጣው።