የጥዱን ስም በቀለም እንክፈለው

ከእንጦጦ ጋራ እስከ ሱሉልታ የሚታየው የሐበሻ ጥድ በሳይንስ ስሙ ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ ይባላል። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ግን «ጁኒፐረስ» ብሎ በእንግሊዝኛ ቅላጼ ያልጠራው ተማሪ ብዙ ጊዜ ይታረማል። ያለ አግባብ ነው። የእጽዋት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ የሚገዛው የስሙን አጻጻፍ እንጂ አነባበቡን አይደለም። «ሴ»ውን «ኬ» ያለም አልተሳሳተም፤ አንዱን ይዞ ይዝለቅ። መታረም ያለበት የቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ዙሪያ በአንድ ጊዜ የሚነገረው የቃል ክፍል፣ አከፋፈሉ ነው።

ሲከፈል መጀመሪያ የላቲኑ አናባቢዎች ይቆጠራሉ፤ ስንት አናባቢ፣ ያን ያህል ቀለም። «ኤ» (e) እና «ዩ» (u) የሚባሉት ሆሄያት በባህር ዛፍ ስም መነሻ ላይ እንደሚታየው ሲጣመሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፦ ኤው-ካ-ሊፕ-ቱስ። በሁለት አናባቢ መካከል ያለ አንድ ተነባቢ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ ሁለት ከሆኑ ይለያያሉ። ሆኖም እንደ «ግ» ያለ ተነባቢ «ር» ወይም «ል» ሲከተለው አይነጠልም። የጤፍ ስም ኤ-ራ-ግሮስ-ቲስ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፊደላችን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው፦ ስሙ በሰባት ፊደል ይጻፋል፣ ቀለሙ ግን አራት ብቻ ነው። ሳድሶቹን ሁሉ አናባቢ ሰጥቶ የሚያነብ ሰው ቃሉን ይሰባብረዋል።

ጫናው፣ ማለትም ድምፅ ጎላ የሚልበት ቦታ፣ የሚያርፈው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ነው፤ ያ ቀለም በተነባቢ ከተዘጋ ወይም አናባቢው ረጅም ከሆነ። ካልሆነ አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። በፕሮሴራ «ሴ» ረጅም ስለሆነ ጫናውን ይይዛል፤ በዩኒፔሩስ «ፔ» አጭር ነውና «ኒ» ይወስደዋል። ከአጻጻፉ ይህ አይታወቅም፤ ረጅሙን አናባቢ በላዩ ሰረዝ የሚያሰምር የላቲን መዝገበ ቃላት መግለጥ ያስፈልጋል።

ማጥበቅ ላይ ግን እኛን የሚያህል የለም። በዓሉን ገና ከ«ገና ነው» የሚለይ አፍ የእንዶድን ስም፣ ፊ-ቶ-ላክ-ካን፣ አይቸገርበትም። ችግሩ «ፊቶላካ» ተብሎ ሲጻፍ መጥበቁ አለመታየቱ ነው፤ ላልቶ ከተነበበ ጫናው ወደ «ቶ» ይሸሻል። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍትም ሆነ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሰሌዳዎች ላይ፣ ከላቲኑ ጎን ስሙ በሰረዝ ተከፍሎ፣ የሚጠብቀውም ተደግሞ በፊደል ይጻፍ።

የቀበርቾ ስም ግን ለብቻው ነው፦ ኤኪኖፕስ ቀበርቾ። በላቲን ሲጻፍ የመጀመሪያው ቃል «ኪ» እና የሁለተኛው «ቾ» የሚነሡት በአንድ ዓይነት ጥንድ ሆሄ (ch) ነው፤ አንዱ ከግሪክ፣ ሌላው ከአማርኛ ስለመጣ ነው የተለያዩት። ጥንዱን ሁልጊዜ እንደ ግሪኩ «ክ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ «ኬቤሪኮ» ቢል፣ ገበያ ላይ ሥሩን ለጢስ የምትሸጠው ሴት ታርመዋለች።