ማስተካከያ፦ የጥጥ የአየር ፊልትሮን በተመለከተ

ባለፈው ለአዳማ የትልልቅ ሞተር ሳይክል ነጂዎች በቀረበው ምክር «የጥጥ ፊልትሮ ከወረቀቱ ይልቅ ጉልበት ይጨምራል፤ ሲቆሽሽም በቤንዚን ማጠብ ይበቃል» ተብሎ ነበር። ሁለቱም ይታረሙ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ቤንዚኑ ነው። የጥጥ ፊልትሮ ደቃቁን አቧራ የሚይዘው በተቀባው ዘይት ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ዘይቱን ጠራርጎ ይወስደዋል። ደረቁን መልሶ የገጠመ ሰው የአዳማን አቧራ ወደ ሲሊንደሩ ጋብዟል ማለት ነው። ፊልትሮው ለእሱ በተሠራው ማጽጃ ይታጠብ፤ ውኃው ከንጹሑ (ወደ ሞተሩ ከሚዞረው) ጎን ወደ ቆሻሻው ይፍሰስ፤ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ከዚያ የፊልትሮ ዘይት (የሞተር ዘይት አይደለም) በስሱ ይቀባ። ዘይቱ ከበዛም አየሩን ያፍናል።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ ሌላው ክፍል ሳይነካ ፊልትሮ ብቻ ቢቀየር ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ሞተሩ ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ከሆነ የነዳጁ መጠን እንደገና መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የሳሳውን አየር የትኛውም ፊልትሮ አያወፍረውም።

«ዘይቱ የአየር መለኪያውን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን መሣሪያ) ያበላሻል» የሚለው ስጋት ግን በአብዛኛው የመኪና ነው። አብዛኞቹ ባለ ኢንጄክሽን (ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚረጭላቸው) ሞተር ሳይክሎች አየሩን የሚያሰሉት በአየር መግቢያው ግፊትና በስሮትሉ (በጋዝ እጀታው በሚከፈተው የአየር በር) አከፋፈት ነው እንጂ በዚህ መለኪያ አይደለም።