ክርክር፦ የቴስት ቅንብር በራሱ ፋይል ይጻፍ ወይስ በዋናው ላይ ይደረብ?

የክርክሩ ጭብጥ ይህ ነው፦ ስፕሪንግ ቡት በተባለው ማዕቀፍ የተሠራ የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን አውቶማቲክ ቴስት ሲካሄድበት የዳታቤዝ አድራሻውን፣ የኢሜይል ሰርቨሩንና የይለፍ ቃሎቹን ከየት ያንብብ? የመጀመሪያው ተከራካሪ ለቴስት ብቻ የተሟላ የቅንብር ፋይል ይዘጋጅ ይላሉ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ዋናው ፋይል እንዳለ ተነብቦ የሚለየው ብቻ ይደረብበት ይላሉ።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

ቴስት ሥራ ላይ ያለውን ሥርዓት በምንም መንገድ መንካት የለበትም። ፕሮጀክቱን የሚገነባው መሣሪያ ሜቨን ቴስት ሲያስኬድ የቴስቱን ፋይሎች በክላስፓዝ (ጃቫ ፋይሎችን በሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ ከዋናዎቹ ስለሚያስቀድም፣ «አፕሊኬሽን ዶት ፕሮፐርቲስ» የሚል ፋይል በሁለቱም ቦታ ካለ የሚነበበው የቴስቱ ብቻ ነው፤ ከዋናው አንድም መስመር አያልፍም። መደረብ ግን ያልተጠቀሰውን ሁሉ ያወርሳል።

በሠራሁበት አንድ ቡድን የቴስት ፕሮፋይሉ (በዋናው ላይ የሚደረበው ቅንብር) የሚለውጠው የዳታቤዙን አድራሻ ብቻ ነበር። በኋላ እውነተኛው የኢሜይል ሰርቨር በዋናው ፋይል ላይ ተጨመረ፤ በቴስት ፕሮፋይሉ ላይ ግን ማንም ምትኩን አልጻፈም። የቴስት ዳታው ከደንበኞች መዝገብ የተቀዳ ስለነበር በማግስቱ ጠዋት ሰዎች ስላላዘዙት ዕቃ «ትዕዛዝዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ኮዱን ቀኑን ሙሉ ብንመረምር ስህተት አጣንበት፤ የጎደለው አንድ የቅንብር መስመር ነበር።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ

የባልደረባዬ ስጋት ይገባኛል፤ እንዲህ ያለ ጠዋት ለማንም አልመኝም። ሆኖም ያቆሙት አጥር ክፍተት አለው። የቴስቱ ፋይል ዋናውን መጋረዱ የሚሠራው የፋይሎቹ ስም እስከ ቅጥያው ድረስ አንድ ሲሆን ነው፤ ዋናው በያምል ቅርጸት፣ የቴስቱ በፕሮፐርቲስ ቅርጸት ቢጻፍ ሁለቱም ይነበባሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስፕሪንግ ቡት ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልን (ከፋይሉ ውጭ በማሽኑ ወይም በተርሚናሉ ላይ የሚሰጥ ዋጋን) ከእነዚህ ፋይሎች ማስበለጡ ነው። አንድ ባልደረባ ጠዋት ለሌላ ሥራ ብሎ «ስፕሪንግ_ዳታሶርስ_ዩአርኤል» የሚለውን ቫሪያብል የጋራው ዳታቤዝ ላይ ካሳረፈና ከሰዓት በኋላ በዚያው ተርሚናል ቴስት ካስነሳ፣ ሠንጠረዦችን የሚያጸዳው ቴስት የሚያጸዳው የጋራውን ዳታቤዝ ነው። የተሟላው ፋይልዎ እዚያው ተቀምጦ ከዚህ አያድነንም።

ዋናው ተቃውሞዬ ግን ሌላ ነው። ሁለት የተሟሉ ፋይሎች ካሉን ቴስቱ ዋናውን ፋይል ከቶ አያየውም። አዲስ የጊዜ ገደብ በኮዱ ውስጥ ይጠየቃል፤ ጸሐፊው በቴስቱ ፋይል ላይ ይሞላውና ዋናውን ይረሳል፤ ቴስቱ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ አፕሊኬሽኑ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ግን ለቦታ ያዡ (በኮዱ ውስጥ ከቅንብር እንዲሞላ ለተተወው ስም) ዋጋ አጣሁለት ብሎ ከመነሳቱ በፊት ይቆማል። ቴስት አስቀድሞ ሊይዝልን የሚገባው እንዲህ ያለውን ጉድለት ነው። በሜሞሪ ውስጥ የሚሠራውን ኤችቱ የተባለ ዳታቤዝ በዋናው ዳታቤዝ በፖስትግሬስ ፋንታ ማስገባትም ያው ነው፤ የፖስትግሬስን የጄሰንቢ (የጄሰን ዳታ ዓይነት) ኦፕሬተሮች ኤችቱ አያውቃቸውም። ቴስትኮንቴነርስ የተባለው ላይብረሪ እውነተኛውን ፖስትግሬስ በዶከር፣ ማለትም ራሱን በቻለ ኮንቴነር ውስጥ፣ ያስነሳልናል፤ ፖርቱ በየጊዜው ስለሚለያይም በ2020 ከስፕሪንግ 5.2.5 ጋር የመጣው ዳይናሚክ ፕሮፐርቲ ሶርስ የተባለ አኖቴሽን (በኮድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) አድራሻውን በዚያው ሰዓት ይሞላዋል። ይህ አኖቴሽን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልንም ይበልጣል።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

የቫሪያብሉን ነገር እቀበላለሁ። ስለ ኤችቱም አልሟገትም፤ የተሟላ ፋይል ኤችቱን ተጠቀሙ አይልም። ነገር ግን በየክላሱ ራስ ላይ የሚለጠፍ አኖቴሽን ዋጋ ያስከፍላል። ስፕሪንግ ያስነሳውን ኮንቴክስት (በቅንብሩ መሠረት የተዘጋጀውን አፕሊኬሽን) ለሚቀጥለው ክላስ የሚያቆይለት ቅንብሩ ፍጹም ተመሳሳይ ከሆነ ነው። አሥር ክላሶች አሥር ዓይነት ለውጥ ካወጁ አፕሊኬሽኑ አሥር ጊዜ ይነሳል። በነባሪነት የሚያዙት ኮንቴክስቶችም 32 ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ካለፈ ለረጅም ጊዜ ያልተነካው እየተዘጋ ይሄዳል። ሰዎች ቴስት መጠበቅ ሲሰለቻቸው ማስኬዱን ይተዋሉ።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ

እኔም በየክላሱ ይለጠፍ አላልኩም። ለውጡ በአንድ የጋራ ወላጅ ክላስ ላይ ተጽፎ ሌሎቹ ከእሱ ይውረሱ፤ ያን ጊዜ ኮንቴክስቱ አንድ ይሆናል።

የኢሜይሉን አደጋ ግን ከሥሩ እንመልከተው። እውነተኛው አድራሻ በዋናው ፋይል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? በዚያ ፋይል ላይ መጻፍ ያለበት የማይጎዳ ነባሪ ዋጋ ነው፤ ለምሳሌ የራሱ የማሽኑ አድራሻ። እውነተኛው አድራሻና የይለፍ ቃሉ ሰርቨሩ ላይ ብቻ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይሰጡ። እንዲህ ከሆነ አንድ መስመር ቢረሳም ቴስቱ የሚወርሰው የማይጎዳውን ነው።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

ይህ ከተጠበቀ ከተሟላው ፋይል ጥያቄዬ አብዛኛው ይወድቃል። ነገር ግን በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው እውነተኛውን አድራሻ ዋናው ፋይል ላይ መልሶ ይጽፈዋል። ስለዚህ ያ ወላጅ ክላስ ቴስቱ ከመነሳቱ በፊት የዳታቤዙንና የኢሜይል ሰርቨሩን አድራሻ ያንብብ፤ አንዱ እንኳ የራሱ የማሽኑ ወይም የኮንቴነሩ ካልሆነ ቴስቱን በሙሉ ያቁም።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ

በዚህ እንስማማለን፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፍተሻው በወላጅ ክላሱ ብቻ ከተወሰነ እሱን ሳይወርስ የተጻፈ ቴስት ያመልጠዋል። ስለዚህ ለቴስት ብቻ በሚጫን፣ ኮንቴክስት በተነሳ ቁጥር በሚጠራ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።